ያለው ማቆሚያ ይቆጠር፤ በዕዳ በኩል

«ነባር የመኪና ማቆሚያ አለኝ። አዲስ አልሠራሁም። ስለዚህ የአረንጓዴ ሕንፃ ነጥቤን ስጡኝ።»

አዲስ አለመሥራትህን እሰየው ብያለሁ። ያለውስ የት ሄደ? መሬቱን እንደያዘ ነው፣ ዝናቡን እንደመለሰ ነው፣ ዛፍ ሊበቅልበት የሚችለውን አፈር እንደተጫነ ነው። ያለ ነገር ስላለ ብቻ አይመሰገንም። ቁጠረው፤ ግን በዕዳ በኩል ጻፈው።

ይህ መልስ ለላሊበላ ባለ ሆቴሎች፣ ለአማካሪዎቻቸውና ለማዘጋጃ ቤቱ ነው። «ላስታ ላይ ስለ ማቆሚያና ስለ አረንጓዴ ምስክር ወረቀት የሚከራከሩበት ጊዜ ገና ነው» የሚለኝ ካለ፣ ጊዜውስ አሁን ነው። ሰላም ሲጸናና ቱሪስቱ ሲመለስ የተዘጋው ሆቴል በብድር ይታደሳል፤ ባዶው ቦታ ላይ አዲስ ይቆማል። አበዳሪው ደግሞ ዛሬ ዛሬ የይዞታ ካርታና ንግድ ፈቃድ አይቶ ብቻ አይመለስም፤ ሕንፃህ አረንጓዴ ነው ወይ እያለ ይጠይቅ ጀምሯል። የአበዳሪው ፎርም ከመጣ በኋላ የሚደረግ ክርክር ፎርሙን ለሞላው ሰው ያደላል።

ነገሩ ከየት መጣ ለሚል፦ በአሜሪካው ግሪን ቢልዲንግ ካውንስል የሚሰጥ ሊድ የተባለ ምስክር ወረቀት አለ። የእ.ኤ.አ. 2009 ዕትሙ ለመኪና ማቆሚያ ነጥብ ሲሰጥ ከአማራጮቹ አንዱ «አዲስ ማቆሚያ አለመሥራት» ነበር። ሰፊ ነባር ግቢ ያለው ሰው በዚያ በር ዘው ብሎ ሊገባ ይችላል፤ የነበረውን አልነካም፣ አዲስም አልጨመረም፣ ነጥቡን ወሰደ። እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣው አራተኛው ዕትም በሩን ዘጋ። ነባሩም አዲሱም ይቆጠር አለ። የራስ ይሁን የኪራይ ይቆጠር። ከአጥር ውጭ ያለም ቢሆን ሕንፃው ከተጠቀመበት ይቆጠር። ከስሌቱ የወጣው በሕዝብ መንገድ ዳር የሚቆመው ብቻ ነው። ድምሩ ከተቀመጠው መነሻ ቢያንስ 20 በመቶ ማነስ አለበት አለ፤ ቤት ጥቅጥቅ ባለበት ወይም የሕዝብ ትራንስፖርት እንደልብ በሚገኝበት ቦታ ደግሞ 40 በመቶ። ከቀረውም 5 በመቶው በአንድ መኪና ተሰባስበው ለሚመጡ ሰዎች ይመደብ አለ።

እኔ ከዚህ ሁሉ የምወደው የመጀመሪያዋን አንቀጽ ነው፤ ነባሩም አዲሱም ይቆጠር የምትለዋን። የቀረው ላይ ከአማካሪው ጋር አንስማማም።

«ለምን አንስማማም?» ይላል አማካሪው። «የላሊበላ ሆቴል ከመነሻው በ20 በመቶ ማነስ አያቅተውም። ነጥቡ ኪሳችን ገባ በሉ።»

አለማቃቱ ነው ችግሩ፣ አቶ አማካሪ። መነሻው የተቀዳው የትራንስፖርት መሐንዲሶች አሜሪካ ውስጥ ካዘጋጁት መመሪያ ሠንጠረዥ ነው። እዚያ ሠራተኛውም በመኪናው፣ እንግዳውም በመኪናው ይመጣል። እዚህ አልጋ የምታነጥፈው ልጅ ከሰፈሯ በእግሯ ነው የምትመጣው፤ አስተናጋጁ በእግሩ፣ ዘበኛው በእግሩ፣ ወጥ ቤቷ በእግሯ። እንግዳው ከአውሮፕላን ማረፊያ እስከ ከተማው ያለውን ሃያ ምናምን ኪሎ ሜትር ከሌላ እንግዳ ጋር በአንድ ሚኒባስ ተጭኖ ይደርሳል። ከአሜሪካ ቁጥር ማነስ ለእኛ የኑሯችን ልክ ነው፤ የቆጠብነው ነገር የለም። ያልተበደረ ሰው ዕዳ ከፈለ ተብሎ አይሸለምም።

«ታዲያ መነሻው ምን ይሁን?»

የእንግዳ መዝገባችሁ። ስንት ሰው በስንት መኪና እንደገባ በየዕለቱ ተጽፏል። ከዚያ ውስጥ ግቢው ስንት መኪና እንዳሳደረ ዘበኛው ያውቃል። ለ30 መኪና የተነጠፈ ግቢ በደህናው ዘመን ቢበዛ 8 መኪና ካሳደረ፣ 22ቱ ቦታ ያለ ሥራ የተነጠፈ መሬት ነው። ነጥብ የምትፈልግ ከሆነ ከ22ቱ ጀምር።

እስቲ 30 መኪና ስንት መሬት እንደሚበላ እንለካ። አንድ መኪና የሚቆምበት 2.5 ሜትር በ5 ሜትር ነው፤ 12.5 ካሬ። መኪናው ግን ከሰማይ አይወርድም፤ መግቢያ፣ መዞሪያ፣ መውጫ ይፈልጋል። እሱ ሲጨመር ለአንድ መኪና ከ25 እስከ 30 ካሬ ይሄዳል። ለ30 መኪና ወደ 800 ካሬ ሜትር ማለት ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም፣ ከአንድ ወጥ ዐለት ከተፈለፈሉት አብያተ ክርስቲያናት ሁሉ ትልቁ የሚባለው፣ ያረፈበት ወደ 34 ሜትር በ24 ሜትር ነው። አስሉት፤ ያው 800 ምናምን ይመጣል። በአንድ ሆቴል ግቢ ለ30 መኪና ብላችሁ የምታነጥፉት መሬት የቤተ መድኃኔ ዓለምን ወለል ያህላል።

«የተጋነነ ነው። ላስታ መሬት ሞልቶ!»

ላስታ ተራራ ሞልቶ ነው፣ ወንድምዓለም። ሜዳ የት አለ? አቡነ ዮሴፍ ከ4,200 ሜትር በላይ ቆሟል፤ ከተማው ራሱ 2,500 ሜትር አካባቢ ተዳፋት ላይ ተንጠልጥሏል። ሜዳ የሆነችው ቦታ ወይ የገበሬ አውድማ ናት፣ ወይ የቅዳሜ ገበያ፣ ወይ የቤተ ክርስቲያን አጸድ። የቀረው ላይ ማቆሚያ ልሥራ ያለ ሰው ተራራውን ይቆርጣል፣ ከታች ደጋፊ ግንብ ይሠራል፣ ከላይ የተቆረጠው ደግሞ በክረምት እንዳይናድ ሌላ ግንብ ያቆማል። ለሲሚንቶውና ለብረቱ የጭነት መኪናው በጋሸና ዳገት ላይ እያቃሰተ ይመጣል። ይህ ሁሉ ሲያበቃ የተገኘው ጠፍጣፋ ነገር ላይ መኪና ይቆማል።

መሐንዲሱ ደግሞ ይነሣል። «እኔ አስፋልት አላደረግሁም። ኮብልስቶን ነው። ውኃ ያሰርጋል።»

በምን አጣብቀኸው? ከሥሩ ጠጠርና አሸዋ ከሆነ፣ በድንጋዩና በድንጋዩ መካከል ያለው ክፍተትም በአሸዋ ከተሞላ፣ አዎ፣ ያሰርጋል፤ እጅህን እጨብጣለሁ። ክፍተቱን በሲሚንቶ ከደፈንከው ግን ኮብልስቶኑ ላዩ ድንጋይ የሆነ ኮንክሪት ነው። በአንድ ጠንካራ የሐምሌ ዝናብ 30 ሚሊ ሜትር ቢወርድ፣ ከ800 ካሬ ሜትር ድፍን ንጣፍ ላይ እስከ 24,000 ሊትር ውኃ ባንድ ጊዜ ወደ ጎረቤት ይለቀቃል። ጎረቤቱ ማን ነው? በዚያ ተዳፋት ላይ የታችኛው ሰው ቤት ነው፤ ከእሱ በታች መንገዱ፤ ከመንገዱ በታች ውኃው የሚወርድበት ቦይ።

የሆቴል ማቆሚያ አብያተ ክርስቲያናቱን ጎዳ አላልኩም፤ ማንም ያላየውን አልናገርም። የምናውቀውን ግን እንናገር። የተፈለፈሉበት ዐለት እሳተ ገሞራ የወለደው ልስልስ ድንጋይ ነው፤ ለመፈልፈል የተመቸው በልስላሴው ነው፤ ጠላቱም ውኃ ነው። የጥንቶቹ ጠራቢዎች ይህን ስለሚያውቁ ቦዩን ከቤተ መቅደሱ እኩል ተጨንቀው ቆፍረውታል። በእኛ ዘመን ደግሞ ዝናቡን ለመከላከል በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ2008 አካባቢ አራት ትላልቅ መጠለያዎች አምስት አብያተ ክርስቲያናትን ሸፈኑ፤ ብረቱ ራሱ ሥጋት ሆኖ በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ሕዝቡ አደባባይ ወጥቶ ይነሣልን አለ፤ በዚያው ዓመት የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ማክሮን መጥተው እናግዛለን ብለው ቃል ገቡ። በአንድ በኩል ውኃውን ከቅርሱ ለማራቅ ይህ ሁሉ ድካም፤ በሌላ በኩል ደግሞ በየግቢው ውኃ የማያሰርግ መሬት ማንጠፍ። ለሁለተኛው ሥራ አረንጓዴ ነጥብ ይሰጥ የሚለኝ ሰው መጀመሪያ በክረምት መጥቶ ቦዩ ዳር ይቁምና ጎርፉን ይይ።

አሁን ጠንካራው ጥያቄ መጣ። ጠያቂው አያ ባለ ሆቴል ናቸው፤ ሰውዬው ከሞኝ ጋር አይከራከሩም፣ እኔም በአክብሮት እመልሳለሁ።

«ነባር ግድግዳ ሲቆጠርልኝ ነባር ማቆሚያ ለምን አይቆጠርልኝም? የአባቴን የድንጋይ ቤት አላፈረስኩም፤ አድሼ እንግዳ አሳደርኩበት። የምስክር ወረቀት ሰጪዎቹ ይህን ቁጠባ ይሉታል። ማቆሚያውንም አላፈረስኩም። ልዩነቱ ምንድን ነው?»

አያ፣ ቤቱን ባያፈርሱ እጅ ነሥቻለሁ። ከቀዩ ድንጋይ የሚሠራው፣ ባለ አንድ ፎቅና የሣር ክዳኑ ክብ ቤት የላስታ ነው፤ ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ1978 አሥራ አንዱን አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ በዙሪያቸው ያለውን የእነዚህን ቤቶች መንደር የታሪኩ አካል አድርጎ ነው የሚያነሣው። ኤጅ የተባለውን የዓለም አቀፍ የፋይናንስ ኮርፖሬሽን ምስክር ወረቀት ይመልከቱ። በኃይል፣ በውኃና በግንባታ ዕቃ በኩል፣ በሦስቱም ቢያንስ 20 በመቶ ቀንሱ ይላል። ነባር ግድግዳና ወለል ሲቆይ አዲስ ጡብ አይቃጠልም፣ ሲሚንቶ አይጫንም፤ ስለዚህ ይቆጠርልዎታል። ትክክል ነው። ግድግዳው ትናንትም ዛሬም ሰው ያስጠልላል፤ ሥራውን እየሠራ ነው የቆየው።

ማቆሚያዎ ግን ሥራ ላይ ነው? ኮሮና መጣ። ኮሮናው ሳይለቅ በ2013 ዓ.ም. ክረምት ጦርነቱ ከተማዋ ገባ። መብራት ለወራት ጠፋ፤ አውሮፕላን ቆመ፤ አስጎብኚው በቅሎውን ሸጠ፤ ሆቴሉ ቁልፉን አንጠልጥሎ ተቀመጠ። ከዚያም በኋላ ነገሩ ሙሉ በሙሉ አልተረጋጋም። በእነዚህ ዓመታት ግድግዳው ቤተሰብ አስጠልሏል፣ ተፈናቃይ ዘመድ አስጠልሏል። ማቆሚያው ምን አስጠለለ?

አንድ መንገድ ግን አለ፣ አያ፤ ነባር ማቆሚያዎ በሀብት በኩል የሚጻፍበት። አጠገብዎ አዲስ ሆቴል ሲሠራ «20 መኪና ማቆሚያ አምጣ» ይባላል። ያ ሰው ተራራ ከሚቆርጥ የእርስዎን ባዶ ግቢ ይከራይ። የጽሑፍ ውል ይኑር፤ ሁለታችሁም በየፎርማችሁ ቁጠሩት፤ ድምሩ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ይሁን። ያኔ ነባሩ ማቆሚያ አዲሱን አስቀርቷል፤ እንደ ግድግዳው ሥራ ሠርቷል። ለዚህ ነጥብ ይሰጥ ብዬ እኔው ራሴ ከእርስዎ ጋር እሟገታለሁ።

«አዲስ አበባ እኮ በየሕንፃው ማቆሚያ ግድ ነው!»

አዲስ አበባን ካነሣህ ሙሉውን አንሣ። ፕላን ሲጸድቅ ምድር ቤቱ ማቆሚያ ነው፤ ሕንፃው ሲያልቅ ምድር ቤቱ ሱቅና መጋዘን ይሆናል፤ መኪናው መንገድ ላይ ይቆማል፤ የከተማው አስተዳደርም ምድር ቤቱን ለማቆሚያ መልሱ እያለ ደጋግሞ ዘመቻ ይወጣል። በወረቀት ላይ ያለ ማቆሚያ ከዚህ በላይ ማሳያ አያስፈልገውም። መስቀል አደባባይ ሥር በሰኔ 2013 ዓ.ም. የተመረቀው 1,400 ያህል መኪና የሚይዘው ማቆሚያ ለአምስት ሚሊዮን ሰው ገደማ ከተማ ነው። ላሊበላ የሚያስፈልጋት በራሷ ልክ ነው። ከአዲስ አበባ የምንወስደው ትምህርት አንድ ነው፦ ቆጣሪው ፕላኑን ሳይሆን ግቢውን ይቁጠር፣ ሜትር ይዞ።

«መኪናዬ ኤሌክትሪክ ነው።»

የሚቆምበት ቦታስ? 2.5 በ5 ነው። ርዝመቱን ኤሌክትሪክ አላሳጠረውም። መንግሥት በ2016 ዓ.ም. ነዳጅ የሚጠጡ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ሲከለክል ጭሱን ቀንሷል፤ በግድብ ውኃ በሚመነጭ መብራት መሄዱ ደስ ይላል። ቻርጀር ተከልና በቻርጀሩ ነጥብህን ውሰድ። በመሬቱ ነጥብ አትጠይቅ።

«እኛ ባለንበት አገር ሆቴል ያለ ፓርኪንግ አይታሰብም» ይላል ከውጭ የመጣው ወንድማችን፣ ዶላሩን ይዞ ለመሥራት የተነሣው።

እንኳን ደህና መጣህ፤ ያንተ ገንዘብ ለዚህ ከተማ ደም ሥር ነው። ግን አገሩን ልንገርህ፤ እዚያ ያሉት ሰዎች ራሳቸው እየተጸጸቱ ነው። ዶናልድ ሾፕ የተባሉ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር እ.ኤ.አ. በ2005 ባሳተሙት ወፍራም መጽሐፍ የነፃ ማቆሚያን ውድ ዋጋ አንድ በአንድ ተንትነዋል፤ ዋጋውን መኪና የሌለው ሰውም በቤት ኪራዩና በሚገዛው ዕቃ ላይ ይከፍላል ብለዋል። ባፋሎ ከተማ እ.ኤ.አ. በ2017 «ይህን ያህል ማቆሚያ ካልሠራህ ሕንፃ አትሠራም» የሚለውን ግዴታ ከመላው ከተማ አነሣች። ሜክሲኮ ሲቲ በዚያው ዓመት ትንሹን ቁጥር ሰርዛ በምትኩ ጣሪያ አስቀመጠች፦ ከዚህ በላይ አትሥራ። ዙሪክ ከሁሉም ቀደመች። እ.ኤ.አ. በ1996 በመሐል ከተማው ያለው ማቆሚያ እ.ኤ.አ. በ1990 ከነበረው ቁጥር እንዳይበልጥ ተስማሙ፤ ከምድር በታች አዲስ ሲሠራ ከላይ ያለው ይነሣል፣ ቦታውም ለእግረኛ ይመለሳል። ነባሩን መቁጠር ማለት ይህ ነው። አንተም ከምትኖርበት የምታመጣልን ከሆነ አዲሱን ሐሳብ አምጣልን።

ሹፌሩ ዝም ብሎ ሲሰማ ቆይቶ፦ «ሁላችሁም ስትጨርሱ እኔ የት ላድር?»

ይህን ነው መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብን። ከጎንደር ወይም ከኮምቦልቻ ቱሪስት ጭኖ ዳገት ቁልቁለቱን ሲነዳ የዋለ ሰው መኪናው በሰላም እንዲያድርለት ይፈልጋል፤ ዘበኛ ያለው፣ መብራት ያለው ቦታ። መብቱ ነው። ነገር ግን ለላንድክሩዘሩ 30 ካሬ አነጥፎ ለሹፌሩ 6 ካሬ ክፍል የነፈገ ሆቴል አለ፤ ሰውዬው ወንበሩን አጋድሞ በላስታ ብርድ ያድራል። በየትኛውም የምስክር ወረቀት ፎርም ላይ ይህ ጥያቄ እንዲገባ እፈልጋለሁ፦ ለእያንዳንዱ ማቆሚያ ስንት የሹፌር አልጋ አለ? ከባዶዎቹ ቦታዎች ሦስቱ ቢነሡ ሻወር ያለው የሹፌሮች ማረፊያ ይወጣቸዋል።

«ማቆሚያ የሌለው ማደሪያ ማን ይመጣበታል?»

መቄት ሂድና እይ፤ ጎረቤትህ ነው። «ተስፋ» በተባለው የማኅበረሰብ ቱሪዝም ገበሬዎቹ የሚያስተናግዱባቸው የድንጋይና የሣር ጎጆዎች ገደል አፋፍ ላይ ናቸው። እንግዳው በእግሩ ይደርሳል፤ ሻንጣው በአህያ። ጠላ ይቀመሳል፣ ጭላዳ ከሥር ሣር ሲነጭ ይታያል፣ የእንግዳው ገንዘብም እዚያው መንደር ይቀራል። በደህናው ዘመን ለዚያ ጉዞ ሰው ከአውሮፓ ተነሥቶ ይመጣ ነበር። አሸተን ማርያም ገዳምን በእግርና በበቅሎ መውጣት የሚፈልግ፣ አቡነ ዮሴፍ ላይ ቀይ ቀበሮ ፍለጋ ሁለት ሌሊት በድንኳን የሚያድር እንግዳ፣ ሆቴሉ ደጃፍ ላይ መቶ ሜትር ቢራመድ አያማርርም።

ማዘጋጃ ቤቱ ደግሞ የመጨረሻ ጥያቄውን ለገና አስቀምጦታል። «ታኅሣሥ 29 ሲደርስ ከተማው በሰውና በመኪና ይጥለቀለቃል። ያኔ ማቆሚያ ከየት እናምጣ?»

በመጀመሪያ ያን ቀን የሚመጣው ማን ነው? ከዋግ፣ ከራያ፣ ከጎጃም፣ ከጎንደር ስንቁን በትከሻው አንጠልጥሎ፣ መቋሚያውን ይዞ፣ ቀናት ተጉዞ፣ አንዳንዱም በባዶ እግሩ የሚገባ ምእመን ነው። ላሊበላ ይህን እንግዳ በምን ትቀበለዋለች? እግሩን አጥባ። እግር የምታጥብ ከተማ ስታቅድ እግረኛውን አስቀድማ መቁጠር አለባት፤ ጥላ የሚያርፍበት፣ ውኃ የሚጠጣበት፣ መጸዳጃ የሚያገኝበት፣ ጋቢውን አንጥፎ የሚያድርበት። አንድ መኪና በሚያርፍበት 25 ካሬ ላይ ሥርዓት ይዘው አሥር ሰዎች ይተኛሉ።

መኪናውን በተመለከተ፣ ለአንድ ሳምንት ግርግር የዓመቱ መሬት አይነጠፍም። ከከተማው መግቢያ ወዲያ አዝመራው የተሰበሰበበት ማሳ ለዚያች ሳምንት ከገበሬው ይከራይ፤ ኪራዩ ለገበሬው ይድረስ፤ ከዚያ እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ሚኒባስና ባጃጅ ይመላለስ። አረጋዊና አካል ጉዳተኛ የጫነ መኪና ብቻ ይለፍ። በዓሉ ሲያልፍ ማሳው ለገበሬው ይመለሳል።

«መሐል ከተማ ላይ ባዶ ቦታ አለ እኮ፤ ነዋሪው የተነሣበት።»

እዚህ ላይ ድምፄን ከፍ አደርጋለሁ። በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ ይኖር የነበረው ሕዝብ በዓለም ባንክ በተደገፈው የቱሪዝም ልማት ፕሮጀክት ወደ ኩራኩር ሲዛወር የተነገረው ምክንያት የቅርሱ ዙሪያ ይጠበቅ የሚል ነበር። ሰው ተወልዶ ያደገበትን ጓሮ፣ ከቅዳሴው ደወል አጠገብ የነበረውን ቤቱን ለቆ የወጣው ለቅርሱ ብሎ ነው። እናት የተነሣችበት መሬት ላይ መኪና አይቆምም። አንድም ቢሆን። ያ ቦታ ዛፍ ይተከልበት፣ ለገና መንገደኛ ማረፊያ ይሁን፣ የተነሡት ሰዎች ልጆች የእጅ ሥራቸውን ይሽጡበት። ለማቆሚያ የሚያጭ ፕላን ከቀረበ ደግሞ የኩራኩር ሰዎች ስብሰባው ላይ ተጠርተው ይጠየቁ።

«እሺ በል፣ ነጥቡን እንዴት እናግኝ?» አሉ አያ ባለ ሆቴል፣ ነገሩ ሲረዝምባቸው።

ሜትር ያምጡ፣ አያ። ግቢውን ከአጥር እስከ አጥር እንለካው፤ ማዶ የተከራዩትንም እንጨምር። ከእንግዳ መዝገቡ በጥሩው ዘመን በጣም የበዛውን የመኪና ቁጥር እንውሰድ፤ ለሱ የሚበቃው ይቆይልዎ። የተረፈውን ከአዲሱ ጎረቤት ጋር ይዋዋሉበት። እሱም የማይፈልገው ከሆነ ንጣፉ ይነሣ፤ አፈሩ ይቆፈር፤ ወይራና ጽድ ይተከልበት፤ የጣሪያው ውኃም ወደዚያው ይመለስ። አማካሪው መጥቶ ስንት ማቆሚያ አለዎት ሲል የተነሣውን ቁጥር ከነባሩ ቀንሰው ያሳዩት፤ ለተነሣው ለእያንዳንዱ ነጥብ ይጠይቁ። ካልሰጠ እኔን ይጥሩኝ።